አገልግሎት ካርታን ሳይሆን ነዋሪን ይከተል፦ በጅማ ዳርቻ ሰፈሮች ስለ ቤት፣ ስለ ውኃና ስለ ሥራ ዕድል

(በጅማ ከተማ ለነዋሪዎች፣ ለማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በፍጥነት በሚያድጉ የከተማ ዳርቻዎች የመኖሪያ ቤት፣ የአገልግሎትና የሥራ ዕድል ለሁሉም በፍትሕ ስለሚደርስበት መንገድ ነው። ርዕሱ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ልገድበው እወዳለሁ። አንድ ሰው በከተማ ዳርቻ ሲኖር ውኃ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤትና መታወቂያ የሚያገኘው በስፍራው ነዋሪ በመሆኑ ነው ወይስ የቦታ ካርታ በእጁ ስላለ? እኔ የምከራከረው ነዋሪነቱ ብቻ ሊበቃው ይገባል ብዬ ነው። አሁን ያለው አሠራር ግን በአብዛኛው ካርታን እየተከተለ ይሄዳል፤ ከዚህም የተነሣ ተከራዩ፣ መሬቱ ለከተማ የተወሰደበት ገበሬ፣ በመንደር ውል ብቻ ቦታ የገዛው ሠራተኛ፣ ግብር እየከፈሉና ከተማዋን በጉልበታቸው እየገነቡ ከከተማዋ መዝገብ ውጭ ይቀራሉ።

ጅማ ዳርቻዋን ስታሰፋ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በአባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ትልቁ ገበያ ደግሞ ከሥሩ በሂርማታ ነበር። በጣልያን ወረራ ጊዜ አዲሱ ከተማ በሂርማታ ዙሪያ ሲቀየስ የኑሮው ማዕከል ወደ ታች ወረደ፤ የሥልጣን መቀመጫ የነበረው ጅሬን ዳር ሆኖ ቀረ። በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ከዚያም ግቢዎቹ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ ድረስ ሲዘረጉ፣ ተማሪና ሠራተኛ የሚከራያቸው ቤቶች በየአቅጣጫው በቀሉ። በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ዛሬ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አጋሮና ወደ ሰቃ በሚወጡት መንገዶች ግራና ቀኝ ትናንት በቆሎ የነበረበት መሬት በቆርቆሮ ጣሪያ ተሸፍኖ ይታያል።

ይህን ዕድገት በቁጥር ለመያዝ የምንቸገርበት ምክንያት ራሱ የጉዳዩ አንድ ክፍል ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ የጅማ ከተማ ነዋሪ 88,867 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 120,960 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ሊካሄድ የታቀደው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በመሆኑም የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የውኃ መስመር ዕቅድ የሚወጣው ከ1999ኙ ቁጥር እየተነሡ በሚሠሩ ግምቶች ነው። በ1999 ዓ.ም. የእርሻ ማሳ የነበረ ሰፈር በዚያ መነሻ ቁጥር ውስጥ እንደ ከተማ ሰፈር የለም። የዳርቻው ሰው ከበጀት የሚወጣው ማንም አስቦ ስላስወጣው ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማንም አስቦ እስካላስገባው ድረስ ውጭ ሆኖ ይኖራል።

ከመሬቱ እንጀምር፤ ምክንያቱም የዳርቻ ሰፈር ታሪክ ሁልጊዜ የሚነሣው ከአንድ ገበሬ ማሳ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለውም ተጽፏል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ እንደሚገባቸው ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለተነሣ ገበሬ የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 አባዝቶ ይከፍል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን አሻሻለ፤ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ከ3ቱ ያለፉ ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ደነገገ፤ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንደሚያስገኝ አወቀ። እርምጃው ትልቅ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሆኖም ስሌቱ የሚነሣው ከእህል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ከአንድ ሄክታር በዓመት 60,000 ብር ያገኝ ነበር ብለን እናስብ። በ15 ሲባዛ 900,000 ብር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለገበሬው በካሬ 90 ብር ደረሰው ማለት ነው። ያው መሬት ተሸንሽኖ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ ለአንድ ካሬ የሚጠራውን ዋጋ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በመሐሉ ያለው ልዩነት ሁሉ ትርፍ ነው ማለቴ አይደለም፤ መንገድ መቁረጥ፣ ቦይ መሥራት፣ የውኃ ቱቦ መዘርጋት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለመንገድና ለአረንጓዴ ቦታ የሚተወውም መሬት አይሸጥም። ነገር ግን መሬቱ ከእርሻ ወደ ከተማ በመቀየሩ የተፈጠረው ዋጋ ሲከፋፈል፣ በዚያ መሬት ላይ ተወልዶ ያደገው ሰው ከድርሻው ውጭ የሚሆንበት አሠራር ፍትሐዊ ሊባል አይችልም። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ በእጁ ገብቶ በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ ልጆቹ ደግሞ አባታቸው ባረሰው መሬት ላይ በተሠራው ሕንፃ ጥበቃ ሆነው ይቀጠራሉ። ከተነሺው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ፣ በአዲሱ ሰፈር ውስጥ ዋና መንገድ ዳር የሚከራይ ሱቅ ወይም ጥቂት ክፍሎች የሚሠራበት ቦታ በስሙ ቢተውለት፣ በእጅ ከሚቆጠረው ብር የበለጠ ዕድሜ ያለው ካሳ ይሆን ነበር።

ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ማዘጋጃ ቤቱ ሳይመጣበት ቀድሞ ይሸጣል። ደላላ ይመጣል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ የመንደር ውል ይጻፋል፣ ከዚያም የጨረቃ ቤት የምንለው ይቆማል። ገዢው ብዙ ጊዜ በቢሮ ንግግር ሕገወጥ ሰፋሪ ተብሎ ይጠራል። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ግን ልብ ብለን ማየት አለብን። በየሰፈሩ የምናውቀው ነው፤ አስተማሪ ነው፣ ነርስ ናት፣ የባጃጅ ሹፌር ነው፣ በቡና መልቀም ወቅት ካጠራቀመችው ቦታ የገዛች እናት ናት። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የከተማ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው። ጨረታውን የሚያሸንፈው ከፍ ያለ ዋጋና ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ያቀረበ ነው፤ የወር ደመወዝተኛ በዚያ አይገባም። የቤት ማኅበር አለ፤ ነገር ግን አባል ለመሆን ነዋሪነትን የሚያረጋግጥ ማስረጃና በባንክ በዝግ የሚቀመጥ ገንዘብ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁለት በሮች ለአንድ ሰው ሲዘጉበት ሦስተኛው በር የገበሬው ማሳ ነው። አዋጅ ቁጥር 721 ራሱ ያለ ፈቃድ የተያዙ ይዞታዎች ከከተማው ፕላን ጋር ሲስማሙ ሥርዓት የሚይዙበትን መንገድ ከፍቷል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ቤተሰቡ መጠጣትና መብራት ማብራት አለበት።

በዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ካርታ የሌለው ሰው አገልግሎት አላገኘም ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ያለ ክፍያ ተቸግሮ እንደተቀመጠ ነው። እውነቱ በተቃራኒው ነው፤ ከሁሉም አብልጦ ይከፍላል።

የመብራቱን ነገር እንመልከት። የራሱ ቆጣሪ የማይገባለት ቤት ከጎረቤት ቆጣሪ ገመድ ይቀጥላል። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያውና ርካሹ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ሲሆን፣ የመጨረሻውና ውዱ ከ500 በላይ ነው። እርከኑ የተሠራው ትንሽ የሚጠቀመውን ድሃ ለመጠበቅ ነው። አሁን 8 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 50 ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ቆጣሪ ላይ ተጠቀሙ እንበል። ለየብቻ ቢሆኑ ሁሉም በርካሹ እርከን ይከፍሉ ነበር፤ በአንድ ላይ 400 ስለሚሆኑ ሂሳቡ የሚያርፈው ከላይኞቹ እርከኖች በአንዱ ነው። በዚህ ላይ ባለቆጣሪው የራሱን ጭማሪ ያደርጋል። ለድሃ ጥበቃ የተሠራው ታሪፍ ድሃውን መልሶ ይቀጣዋል፤ ጥፋቱም የታሪፉ ሳይሆን ቆጣሪን ከካርታ ጋር ያሰረው አሠራር ነው። በቀጭን ግንድ ላይ የተንጠለጠለው ገመድ በጅማ ዝናብ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ውኃም እንዲሁ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን ይሞላል። አንድ ጀሪካን በ5 ብር ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 250 ብር ወጣ ማለት ነው፤ በቤቱ ቧንቧ ያለው ሰው ለአንድ ሜትር ኩብ የሚከፍለውን የወር ደረሰኙን አውጥቶ ያወዳድር። ጀሪካኑን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ትምህርት ቤት የረፈደባት ልጅ ናት። የጋራ ቦኖ ለመትከል የማንም የግል ካርታ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሰው እንዳለ ማመን ብቻ ነው።

ከውኃውና ከመብራቱ ይልቅ ግን በዝምታ ብዙ የሚያሳጣው የቤት ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለው ቤት በቀበሌ መዝገብ የለም። በመዝገብ የሌለ ቤት ነዋሪ መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ ከመጣበት መሸኛ ቢይዝም የሚያሰፍረው ቤት ይጠየቃል። መታወቂያ የሌለው የንግድ ፈቃድ አያወጣም፣ በጥቃቅንና አነስተኛ አይደራጅም፣ በቤት ማኅበር አይመዘገብም፣ ዋስ መሆንም ዋስ ማግኘትም አይችልም። በከተማ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር አንዲት ባለሙያ የምትመደበው ለ500 አባወራ ነው፤ 500ው ሲቆጠር ቁጥር የሌለው ቤት ከታለፈ፣ የክትባትና የነፍሰ ጡር ክትትል ጉብኝቱም ያልፈዋል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ የጸናው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በዚህ ረገድ ተስፋ ይሰጣል፤ ሰውን የሚመዘግበው በራሱ ማንነት እንጂ በቤቱ ባለቤትነት አይደለምና። የከተማ አገልግሎቶችም ይህን ፈለግ ሊከተሉ ይገባል።

እስካሁን የተናገርሁት ቢያንስ ግድግዳ ስላቆመ ሰው ነው። ከዳርቻው ነዋሪ ብዙው ግን ያን እንኳ አላቆመም፤ ተከራይ ነው። በዚህ አገር ስለ ቤት ስንነጋገር ሐሳባችን ቶሎ ብሎ ወደ ባለቤትነት ይሮጣል፤ ስለ ቦታ፣ ስለ ካርታ፣ ስለ ኮንዶሚኒየም። ተከራዩ ገና ቤት ያላገኘ፣ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ተደርጎ ይታያል። ብዙ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ይከራያል፤ ለእርሱ ፍትሕ ማለት ዛሬ በተከራየው ክፍል ውስጥ የሚደርስበት ነገር ነው።

በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያና ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚያመሩ ሰፈሮች፣ በአንድ ጊቢ ውስጥ በረድፍ የተሠሩ የጭቃ ክፍሎች አንድ ሽንት ቤትና አንድ ቆጣሪ ይዘው ይከራያሉ። አከራዩ ራሱ ብዙ ጊዜ ሀብታም አይደለም፤ ጡረታ የወጣ ሰው ወይም ባሏ የሞተባት እናት ናት፤ ኪራዩ የዕለት እንጀራቸው ነው። ስለዚህ አከራይን በጅምላ መውቀስ አልፈልግም። ሆኖም ክፍል ፍለጋ የሚዞር ወጣት በር ላይ ቆሞ የሚጠየቃቸውን ጥያቄዎች እንደ ተራ ነገር ማለፍ የለብንም፤ ከየት ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ባለትዳር ነህ ወይስ ላጤ። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ብቻዋን ስትመጣ፣ «ልጄ፣ ለሴት ላጤ አናከራይም» ተብላ ትመለሳለች። አካል ጉዳተኛ ሲመጣ ደረጃው ይነሣል፤ ልጆች ያሏት እናት ስትመጣ ጩኸቱ ይነሣል። ጅማ ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ የሙ፣ ጉራጌውና አማራው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት፣ የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በአንድ ሰፈር የሚሰሙባት ከተማ ናት። ይህ አብሮነት በገበያ ብቻ ቆሞ በመኖሪያ ጊቢ በር ላይ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ዳርቻዋ ሲሰፋ ሰፈሮቿ በዘርና በሃይማኖት ተለይተው ይቆማሉ፤ አንድ ጊዜ ተለይቶ የቆመ ሰፈር ደግሞ መልሶ ለመቀላቀል ትውልድ ይፈጃል።

ሕጉ በዚህ ረገድ ጥቂት መሣሪያ ሰጥቶናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰን መጠን ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። እኔ በዚህ አዋጅ ውስጥ ከኪራይ ጣሪያው ይልቅ ዋጋ የምሰጠው ለምዝገባው ነው። የተመዘገበ የኪራይ ውል ለተከራዩ የነዋሪነት ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ አከራዩ ፈቀደ አልፈቀደ ሳይባል መታወቂያ የሚያወጣበት፣ ልጁን የሚያስመዘግብበት ሰነድ። ነገር ግን ካርታ የሌለው አከራይ ውሉን ሊያስመዘግብ ቢመጣ ስለ ቤቱ ሕጋዊነት እጠየቃለሁ ብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ በዳርቻው አብዛኛው ኪራይ በቃል ይቀራል። የኪራይ ምዝገባ የይዞታ ምርመራ እንዳልሆነ በግልጽ ተነግሮ በተግባር ካልተረጋገጠ በቀር አዋጁ በጣም ለሚያስፈልገው ሰው አይደርስም።

በፍጥነት ያደጉ ዳርቻዎች ድሃን ሲገፉ የታዩት በእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ የሌሎች ልምድ እንዴት እንደተሄደበት ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ማውንት ሎረል የምትባል የገጠር ቀበሌ ነበረች። ጥቁር ቤተሰቦች ለብዙ ትውልድ በእርሻዎቿ ላይ ኖረዋል። ከትልልቅ ከተሞች የሚወጣው ሕዝብ ሲደርስባት ሰፋፊ መሬት ላይ የቆሙ የግል ቤቶች ብቻ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ደንቡ ስለ ዘርም ስለ ድህነትም አንድ ቃል አልጻፈም፤ ዝቅተኛውን የቦታ ስፋት ብቻ ወሰነ። ነባሮቹ ቤተሰቦች ልጆቻቸው በተወለዱበት ቀዬ የሚከራዩአቸው 36 አነስተኛ ቤቶች እንዲሠሩ ሲጠይቁ ተከለከሉ። ኢቴል ሎውረንስ የተባለች የሕፃናት መምህርት ከሌሎች ጋር ሆና ክስ መሠረተች፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እያደገ ያለ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ከሚያስፈልገው ቤት ተገቢ ድርሻውን መሸከም አለበት ሲል ፈረደ። ፍርዱ በተግባር ሳይውል ስለቆየ በ1983 ፍርድ ቤቱ ደግሞ አጠነከረው። ኢቴል ሎውረንስ በ1994 ዐረፈች፤ በስሟ የተጠሩት ቤቶች ነዋሪ የተቀበሉት ከ2000 ጀምሮ ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ ከዓመታት በኋላ ሲያጠኑት፣ ጎረቤቶቹ የፈሩት የወንጀል መጨመርም ሆነ የቤት ዋጋ መውደቅ አልደረሰም፤ የገቡት ቤተሰቦች ሥራና የልጆቻቸው ትምህርት ግን ተሻሽሏል።

ከማውንት ሎረል ይልቅ ለእኛ ጆሮ የሚቀርብ ሌላ ስፍራ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው በሜሪላንድ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ቤቶችን የሚሠራ አልሚ 15 በመቶውን መካከለኛ ገቢ ላላቸው በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ አስገደደ፤ በምትኩም ተጨማሪ ቤቶችን የመሥራት ፈቃድ ሰጠው። ቁጥሩና ዝርዝሩ ኋላ ቢለዋወጥም ሐሳቡ ጸንቷል። የእኛ የመሬት ሥርዓት ከእነርሱ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ መሬቱ በመንግሥት እጅ ስለሆነ ግን ይህን ለማድረግ እኛ የተሻለ አቅም አለን። አንድ አዲስ የማስፋፊያ ቦታ ሲሸነሸን የተወሰነው ክፍል ለአነስተኛ ቦታዎችና ለኪራይ ክፍሎች፣ የተወሰነው ለተነሺ ገበሬዎች፣ ከጨረታው ጋር በአንድ ፕላንና በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን እንዲመደብ ማድረግ የማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ብቻ ይጠይቃል። አነስተኛ ቦታዎችን ከሌላው ለይቶ በጭቃው ዳር መስጠት ግን የማውንት ሎረልን ስሕተት መድገም ነው።

ስለ ፕላኑ ራሱ አጭር ነገር ልበል። በከተሞቻችን የሚሠራበት የቦታ ድልድል መርሕ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ነው። መርሑ የሚሠራው ሰው ከመስፈሩ በፊት ሲሆን ነው። በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተሞከረው የከተማ ማስፋፊያ ሥራ የመጀመሪያው ተግባር ሕንፃ ሳይሆን ወደፊት የሚያስፈልጉትን ሰፋፊ ዋና መንገዶች መስመር በማሳው ላይ ቀድሞ መቀየስና ማስከበር ነበር። አስፋልቱ ከ10 ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ቦታው ግን ይጠብቃል። ያ ካልሆነ አምቡላንስ የማይገባበት፣ ባጃጅ ጭቃውን አይቶ ከአፋፉ የሚመለስበት ሰፈር ይፈጠራል፤ ኋላ መንገድ ለማውጣት ደግሞ ቤት ይፈርሳል፤ የሚፈርሰውም ካሳ የማይጠይቀው፣ ካርታ የሌለው ቤት ነው።

የሥራን ነገር ከቤት ነጥሎ ማየት አይቻልም። በፈረቃ የምትሠራ ሴት ሌሊት ከፓርኩ ስትወጣ መብራት በሌለው መንገድ የምትሄድ ከሆነ፣ ወይም የባጃጅ ኪራዩ ከቀን ገቢዋ ብዙውን የሚወስድባት ከሆነ፣ ያ ሥራ በወረቀት ላይ ያለ ዕድል ነው። የሕፃናት ማቆያ በሰፈሯ ከሌለም እንዲሁ።

በቦዬ ረግረግ ዳር ስላሉት ቤቶች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ረግረጉ የከተማዋን የክረምት ጎርፍ የሚቀበል፣ የአዌቱን ውኃ የሚያረጋጋ፣ ወፎች የሚኖሩበት ስፍራ ነው፤ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጋር ምንም ልዩነት የለኝም። ነገር ግን በዳሩ ላይ የሰፈሩት ሰዎች እዚያ የደረሱት ረግረጉን ለመጉዳት አይደለም፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ዋጋው ስለራቃቸው ነው። ጎርፉ ሲመጣ የመጀመሪያ ተጎጂዎቹም እነርሱው ናቸው። ስለዚህ ሊነሡ ይገባል ስንል፣ ከሥራቸውና ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሳይርቁ የሚገቡበት ቦታ ውኃና መንገድ ይዞ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በቂ የመንግሥት እርዳታ ያለበትን መዛወር ሲጠቅስ ባለካርታን ለይቶ አይደለም፤ የሚናገረው ኑሮው ስለተነካበት ሰው ነው። አንቀጽ 41ም በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት የሰጠው ለባለይዞታ ሳይሆን ለዜጋ ነው።

ነዋሪን ከካርታ ለይቶ መመዝገብ ያልተሞከረ ነገር እንዳይመስለን። እድሮቻችን ይህን ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት ኖረዋል። በዳርቻው ሰፈር ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ የሚቋቋመው እድር ነው። ተከራይ ወርኃዊ መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ አባል ነው፤ ሲሞትበት ድንኳኑ ይተከልለታል፤ ካርታ አምጣ የሚለው የለም። የእድሩ ጸሐፊ በደብተሩ ውስጥ የያዘው ዝርዝር በብዙ ሰፈሮች ካለው መዝገብ ሁሉ የበለጠ እውነተኛ የነዋሪዎች ዝርዝር ነው።

ለማዘጋጃ ቤቱና ለቀበሌዎች የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። የእድር ምስክርነት፣ ወይም የተመዘገበ የኪራይ ውል፣ ወይም የልጅ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ከእነዚህ አንዱ ለነዋሪነት በቂ ተደርጎ ይወሰድ፤ በዚያም መሠረት ጊዜያዊ የቤት ቁጥር፣ መታወቂያና የራስ ቆጣሪ ይሰጥ። ቁጥሩ ላይ የይዞታ መብት የማያስገኝ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት፤ ይህ ሲጻፍ ቁጥር መስጠት ሕገወጥ ወረራን ያበረታታል የሚለው የባለሙያዎች ሥጋት፣ ተገቢ ሥጋት ስለሆነ፣ መልስ ያገኛል። የይዞታው ጉዳይ በራሱ መንገድ፣ በፕላንና በሊዝ ሕግ ይወሰን፤ ውኃው ግን ያን ውሳኔ አይጠብቅ።

ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ተቋማችሁ የሚታወቅበት በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተው ትምህርት በየዓመቱ በቡድን አድርጎ ወደ ሰፈሮች ያወጣችኋል፤ ቤት ለቤት ትዞራላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ ትመዘግባላችሁ። በሚቀጥለው ዙር ቢያንስ አንዳንድ ቡድኖች ቁጥር ወደሌላቸው ቤቶች ይሂዱ። ስንት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀም፣ ጀሪካኑ ከየት በስንት ብር እንደሚገዛ፣ ስንቱ ተከራይ እንደሆነና ስንቱ በቃል ውል እንደሚኖር፣ ለመውለድ የደረሰች ሴት በክረምት እስከ አስፋልቱ በምን እንደምትወጣ መዝግቡ። መዝገቡን ስትጨርሱ የግለሰቦችን ስም አውጥታችሁ በሰፈር በሰፈር የተደመረውን ቁጥር ለማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል፣ ለውኃና ለመብራት ጽሕፈት ቤቶች እንዲሁም ለእድሮቹ አስረክቡ። የበጀት ዝግጅት ከሐምሌ በፊት የሚያልቅ ስለሆነ ቁጥሩ እስከ ሚያዝያ ድረስ በጠረጴዛቸው ላይ መገኘት ይኖርበታል።